የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ

ከፋሲል መዋኛ፣ ከበሩ በስተግራ፣
ጓንጉል ቆሞ ይጠብቃል ከበቅሎዋ ጋራ።
ግላሷ አዲስ ነው፣ ቀይ ከፋይ በዘርፍ፤
ጥልፉን ያየ ሁሉ ፎቶ ሳያነሳ አያልፍ።
ስሟ ወለላ ነው፤ ዕድሜዋን ጓንጉል ሲጠየቅ፣
«ከብድሬ ታንሳለች» ይላል፣ ጥርሱን ሳይገልጥ፣ እንደ መሳቅ።

እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ አንገቴ ላይ ባጅ አጥልቄ፣
ሦስት መቶ ዓመት በሃያ ደቂቃ ጨምቄ፣
ኖራና ቅስት እተርካለሁ። ጀርባዋ ላይ ለወጣ፣
ለያንዳንዱ ፈረንጅ፣ መቶ ብር ነው የኔ ዕጣ።

ያን ዕለት የመጣው ሰውዬ ቁመቱ እንደ ዋርካ፣
እርካቡን ሲረግጥ ጉልበቷ ምድር ሊነካ።
ጨዋ ነው፤ «አመሰግናለሁ»ን ተምሯል በአማርኛ፤
በቅሎዋንም ሲያመሰግናት እጅ ነሳት፣ እንደ እኛ።

ወደ ቁስቋም ስንወጣ ስልኩን ከኪሱ አወጣና
«ካቻምና ደግሞ በዝሆን ላይ» አለኝ፣ እንደ ገድል ቆጠረና።
በሩቅ አገር፣ በጫካ ዳር፣ በሰንሰለት የታሰረ፣
ጆሮው እንደ አሮጌ ድንኳን ጠርዙ የተተረተረ፤
ጀርባው ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ አራት ሰው የሚስቅ።
የሰዎቹን ጥርስ ትቼ ዓይኑን አየሁት፤ ደረቅ፣
የተጨማደደ፣ የድሮ እንባ መንገድ የሠራበት፣ ተራራ።
ቀና ስል ወለላም እንደዚያው ታየኛለች፣ በጎን፣ በግራ።

መቼም በኛ አገር ዝሆን ሲጣላ ለሣሩ ነው የሚታዘን፤
ዝሆኑ ራሱ ሣር ሲሆንስ? ተረት አልተውልንም ለዚህ ዘመን።

አቀበቱ ወገብ ላይ ቆመች። «ነይ እስቲ» አላት። ቆመች።
ለኮዋን ሳበ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ቆመች።
ሰውዬው ሊዳብሳት ጎንበስ ብሎ ከግላሱ ሥር
እጁን አወጣው፤ እርጥብ ነው፤ ሽታው ሌላ ነገር።
«ያማታል ወይ?» አለኝ በቀስታ፣ እንደ ሐኪም።
«ምን አለ?» አለ ጓንጉል። ከኔ ሌላ ድልድይ የለም።
ለዚያኛው «ደክሟት ነው ወይ አለ» አልኩት፤
ለዚህኛው «ላብ ነው፣ ለምዳዋለች» ብዬ አሻገርኩት።
የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ አልኩ በሆዴ፣
እንደ ሌላው ቀን፣ እንደ ልማዴ።

ያ ጆሮ ግን፣ ያ የተቀደደው ድንኳን፣
ስንት «ለምዶታል» ሰምቷል፣ በስንት ቋንቋ፣ ስንት ሳቅን፤
ማነው የዝሆን ጆሮ አይሰማም ያለን?

ስንመለስ በዞብል መቃብር በኩል ነው፣ በጉልላቱ ጥላ።
«የንጉሥ ፈረስ ያረፈበት ይባላል» አልኩ፣ ወጉን ላሟላ።
«ለፈረስ ጉልላት!» አለ ሰውዬው፤ ደነቀው።
ዝንቡ ግን ጉልላት አይልም፤ ያገኛት እሷን ነው።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፤
ስንስቅባት ኖርን። ዛሬ በእናቷ ዘመድ ደጅ ቆማለች።
«ጀርባሽስ የማነው?» የሚላት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣
ትመልስ ነበር፤ ግን ከየት ይምጣ ጆሮ።

ማታ ጓንጉል ግላሱን ገፈፈ። የመዳፍ ስፋት፣ እንደ በሰለ በለስ።
ጨው በጥብጦ አጠባት፤ እሷ ስትንቀጠቀጥ እሱ ጥርሱን ሲነክስ።
«ሳምንት ባሳርፋት… ፉርሽካ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?
ምን ትበላለች? እኔስ? አንተ ትሰጠኛለህ?»
መቶ ብሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤
እዚያው አደረች።

ሌሊቱን ቃል ፈለግኩ። ለቅስት አለኝ፣ ለአምድ፣ ለሰገነት፣ ለጉልላት፤
ለዘውድ አለኝ፣ ለዘመን፣ ለመድፍ፣ ለእሳት።
ገጣባ የሚለውን ግን በፈረንጅ አፍ አላውቀውም፤
አሥራ ሁለት ዓመት አስጎበኘሁ፤ አንድ ቀን አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ሌላ እንግዳ መጣች፣ ቀጭን፣ ባለ ባርኔጣ፤
እግሯን እርካብ ላይ ሰቅላ «ያማታል እንዴ?» ስትል ድምፄ አልወጣ።
እጄን ሰደድኩና የግላሱን ጫፍ ገለጥኩት።
ጓንጉልን ቀና ብዬ አላየሁት።

እግሯን አወረደች፣ ቀስ ብላ፣ መዳፏ አፏ ላይ።
እሱ አልተሳደበም፤ ቃጭሉን ከአንገቷ ፈታ፣ እኔን ሳያይ፤
ኮርቻውን አውርዶ በገዛ ትከሻው ተሸከመው፤
ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ፣ የትኛው ነው የሚነዳው?

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ፉርሽካ ስንት እንደገባ አላውቅም።
ልጠይቅ ነው።