የአራተኛው ፎቅ ቁልፍ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሩስታቪን ዝናብ ሲመታት፣
ኑግዛር ገባ ሱቄ፣ የዘጠኝ ፎቅ ሊፍት አባት።
ባንድ እጁ ጆንያ፣ ባንድ እጁ የመብራት ደረሰኝ፣
ከጀርባው የዕቃ ዝርዝር፤ «አንብቢው» ብሎ ሰጠኝ።

ጆንያውን ሲያሳርፍ ባንኮኒዬ አቃሰተ፤
ሳንቲም ነው፤ ከደሞዙ ላይ ዓመት ሙሉ የተከተተ።
እዚያ ሰፈር ሊፍቱ ሳንቲም ካልጎረሰ አይነሳም፤
ለጠባቂው የሚተርፈው መዳፍ እንኳ አይሞላም።

«ስንት ነው?» «ስድስት መቶ ላሪ፣ ጥቂት ቴትሪ ሲጎድለው።»
«ለምን?» «ፊልም ለማየት። ቲቪ አለን፣ ግድግዳውን የሚያክለው።
ላማራ ሌሊት ዳቦ ቤት ናት፣ ቀን ትተኛለች እዚያው ክፍል፤
ከገንዘቡ ይጉደል ልጄ፣ ከንቅልፏ ግን አላጎድል።
የፊልሙን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ልድፈነው በማዳመጫ፣
የማሽኑ ጩኸት ግን ባንድ ክፍል የለው መሸሸጫ።»

ግራፊክስ ካርድ አወጣሁ፤ ሦስት ማራገቢያ፣ ቀይ መብራት፤
(እውነቱን ልናገር፣ ከመጋቢት ጀምሮ የከረመች ዕቃ ናት።)
አገላበጠና፣ «የሩጫ ፈረስ ነው፣ እኛ ቤት ሜዳ የለም፤
አንድ ፊልም ለመጎተት ይኼ ሁሉ ኮቴ አያስፈልግም።
ዓይኑ ከሆዱ ያለ ፕሮሰሰር የለሽም?» አለኝ ቀስ ብሎ።
ነበረኝ፤ ያምናው ሞዴል፣ መደርደሪያ ጥግ ተጥሎ።

ራሙን አንድ ስምንት ስለው፣ «ጥንድ ይሁን፣ አራት ባራት፤
ነጠላ በሬ መች አርሶ ያውቃል?» አለኝ በኩራት።

ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ሰካሁ። ጆሮውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ፤
ሠላሳ ዓመት ሞተር ያዳመጠ ጆሮ እንዴት እንደሆነ
ያን ቀን አየሁ። «ኩሽኔታው አልቋል፤ ፋሲካን አያይም» አለ።
እኔ የሰማሁት ዝናቡን ነው። ሌላ ምን ድምፅ አለ?

«ፓወሩንስ አሮጌ ላድርገው? ግማሽ ዋጋ ነው» ብለው፣
ፊቱ ጠቆረ። «ስሚ ልጄ፣ ሊፍትን የያዘው ገመዱ ነው።
መስታወቱ ይቅር፣ ምንጣፉ ይቅር፣ በገመድ ግን አይቆጠብም፤
ሰው ያለበት ሳጥን በርካሽ አይንጠለጠልም።»

ድምሩ አለፈ፣ ባርባ ስምንት ላሪ።
ዝም አልን። መንገድ ላይ አንድ መኪና ጮኸ፣ ሄደ።
ከዝርዝሩ ውስጥ «ኬዝ» የሚለውን በጥፍሩ ፋቀ፤
«ሳጥን አለኝ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሳንቲሙን እስከ ማታ ቆጠርን፤ እጄ ብረት ብረት ሸተተ።
ከመሀሉ ሦስት የካፖርት ቁልፍ፣ የማላውቀው አገር ገንዘብ ተከተተ።
«የሰባተኛዋ አሮጊት ናት፤ ሊፍቴን ስትሸነግል ኖራ!»
ቁልፎቹን በኪሱ ከተተ፣ ለይቶ፣ እንደ አደራ።

በሁለተኛው ሳምንት ሄድኩ፣ የረሳውን ሪሞት ይዤ።
ሊፍቱ ቆሟል፤ አራት ፎቅ ወጣሁ፣ ደረጃውን ተመርኩዤ።
ከቲቪው ሥር ያ ሳጥን፤ ካሮጌ ሊፍት የተነቀለ ሰሌዳ፣
ዘጠኝ ቁልፍ ያለው፣ ቀለሙ የረገፈ፣ ጎኑ የጎደጎዳ።
«ተጫኚ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ቤታችን የት ነው?»
አራትን ተጫንኩ። ስክሪኑ በራ፤ ድምፅ የለው።

ላማራ አልጋው ላይ ናት፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት፣
አንድ እግሯ ከብርድ ልብሱ ውጭ፣ ጭልጥ ባለ እንቅልፍ።
ፊልሙ ገና ሲጀምር በሩ ተደበደበ፤
ሰው ታግቷል፣ በስድስትና በሰባት መሀል፣ ሊፍቱን በእርግጫ ይላል።
ኑግዛር ፊልሙን አቆመ፣ ብሎን መፍቻውን አነሳ፣ ወጣ።

ቀረሁ፣ ስክሪኑ ላይ አፏን ከፍታ ከቀረች ሴት ፊት ለፊት።
ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁ፣ እሱ እንዳደረገው፣ ዓይኔን ጨፍኜ፤
የላማራን ትንፋሽ ሰማሁ፤ ሲገባ፣ ሲወጣ፣
ከላይ ደግሞ፣ ከሩቅ፣ የብረት ኳኳታ።
ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ
ወረድኩ፤ ታች ደርሼ እጄን ከኪሴ ብከት፣
ሪሞቱ እዚያው ነው።