ትርፍ

ከፒያቼንሳ ወጣ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
የፖ ወንዝ ጭጋግ እንደ ዱቄት ጋራዡ ደጅ ላይ ወርዶ፣
ኔቪዮ ኮፈኖ ከፍቶ፣ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ሰዶ፣
«ይቺ ልጅ» አለኝ «ልብ አላት፤
መጠጧ ብቻ ነው የጎዳት።»

ፑንቶ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ። ግራ በሯ በግድ የሚዘጋ።
ውዴነሽ ስድስት ክረምት ሙሉ ሲኞራ ኢቮንን ከአልጋ
አንስታ፣ አጥባ፣ መልሳ አስተኝታ፣ ከደመወዟ ጋር የመጣች፤
አሮጊቷ ቁልፉን ሰጥታ፣ «ንዷት» ብላ ነው የሞተች።

ማታ ወደ ሎዲ ሠላሳ አምስት፣ ንጋት ላይ ሠላሳ አምስት፤
የአይብ መጋዘን ነው የምሠራው፣ ጨው ጨው በሚል ብርድ ቤት።
የማደያው ቁጥር ሲሽከረከር፣ ክንዱን ለመርፌ እንደ ሰጠ
ዞር እላለሁ። እጀታው «ቀጭ» ይላል። ደመወዜን ዋጠ።

መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ፣ ቋንቋው ጆሮዬን ሲያደነቁር፣
ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነበር እንደ አገሬው ሰው የምናገር፦
ካንዴላ፣ ጎማ፣ ኮፈኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፤
አባቴ ኮምቦልቻ፣ ከጭነት መኪናው ሆድ ሥር፣ ጧት ማታ
ሲጠራቸው፣ የኛ ናቸው ብዬ ያደግሁባቸው ቃላት።
ኔቪዮ ደንግጦ «ከየት አመጣሃቸው?» አለኝ። «ከቤት።»
ማን ለማን እንዳዋሰ ግን አልተጠያየቅንም፤ ተውናት።

እርሳሱ ከጆሮው ወረደ፤ የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፈ፦
«ሺህ አንድ መቶ ዩሮ። በአሥራ አራት ወር ዕዳው ታለፈ፤
ከዚያ ወዲያ ትርፍ ነው።»
ብሸጣትስ? ስምንት መቶ።
ኮርቻው ከበቅሎዋ በልጦ!
«ጋኑ ደግሞ ዐሥር ዓመት ነው፤ ከዚያ በሕግ ይለወጣል።»
ያኔ እሷ ሠላሳ አራት፣ እኔ ስድሳ ስምንት።
ከሦስታችን ማን ቀድሞ ከመንገድ ይወጣል?

ውዴነሽ «ወጥ ቤት ያለው ጋዝ አንሶ፣ ወንበሬ ሥር ልታስቀምጥ?»
ጎረቤቴ ሎሪስ «ቦቢዮ ዳገት ላይ ታያታለህ፣ ስታስነጥስ፣ ስታቃምጥ።»
እኔ፣ ሦስት ሱቅ ሳልዞር ሽንኩርት የማልገዛ ሰው፣
ሁለቱንም ሰማሁ፤ ሁለቱም ትክክል ነው።

«ጋኑ የት ይገባል?» አልኩት።
የኋላውን ከፈተ፣ ምንጣፉን ገለጠ።
«እዚህ፤ ክብ ነው፤ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ።»

በእሱ ቋንቋ ሁለት ቃል ነው፤ በኔ አንድ፦
ትርፍ ወጥቶ ትርፍ ይግባ?

የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፣ ያለ መጠባበቂያ አልሄድም፤
ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት መነጽር፤ አንድን ነገር ብቻውን አላምንም።
«ያለ ትርፍ የወጣ ሾፌር» ይል ነበር አባቴ፣ እጁን በጋዝ እየታጠበ፣
«ለጅብ እራቱን ይዞ ወጣ።»
እዚህ ጅብ የለም።
ጭጋግ አለ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አለ፤ የጭነት መኪና ንፋስ አለ።

ብሎኑን ፈታ። ጎማው ወጣ፤ ጥርሱ አዲስ፣ አፈር ያልነካ።
ኔቪዮ በአውራ ጣቱ ጫን አለው። እንደ ሊጥ ገባ። ለካ
ተንፍሶ ኖሯል።
መቼ? ሲኞራዋ ሳትሞት? ወይስ ከዚያም በፊት?
ስንት ሌሊት ባዶ ክበብ ጭኜ ነዳሁ፣ በሙሉ እምነት!

ሥሩ ደረሰኝ ተገኘ፤ የቤንዚን፤ በሊሬ፤ ቀለሙ የጠፋ።
ያኔም «ተወደደ» ብላ ይሆናል፣ ሲኞራ ኢቮን ፊቷ የከፋ።

ኔቪዮ ጎማውን ነፋው፣ ወለሉ ላይ አጋደመው፤
«ሐሙስ ቦታ አለኝ» አለ። ስልኩ ጮኸ። እሱ ሄደ።
ወንበር የለም። የፓኮውን ጀርባ፣ እርሳሱን አነሣሁ፤
ትርፉ ላይ ተቀምጬ ትርፉን እቆጥራለሁ።

እስካሁን አልተነፈሰም።