ከዜሮ

ቀን የዘጌ ጀልባ ላይ ሒሳብ ስሰበስብ ውዬ፣
ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ፣
እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ ማታ ፖሊ፣ ላብ ሁለት፤
ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር፣ ያረፈደ ቆሞ የሚያይበት።
ጥሩወርቅ ከመሐል፣ እኔ ከግራዋ፤
ኪቦርዱ የሷ ነው፣ አይታይም ጣቷ።
የባንክ ጥበቃው ደሴ በቀኝ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ፣
ፈረቃው ሳይደርስበት አንድ ነገር ሊያውቅ።

መምህር ቻላቸው ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦

ሰው = ሰው + 1

ስምንተኛ ክፍል፣ መራዊ፣ ይህን ጽፌ ቢሆን ኖሮ
ጋሽ ውባለም "ውጣ!" ይሉኝ ነበር፣ "ይሄ ጭንቅላት ነው ከበሮ?"
ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ሰው የት ታየ?
ደሴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጥሩወርቅን አየ።
መምህሩ እጁን አራገፈ፤
ጠመኔው ቦነነ፣ በአምፖሉ ሥር አለፈ።
"'ነው' ብላችሁ አታንብቡት" አለ፣ "'ይሁን' በሉት።
አንዱ ምልክት ትእዛዝ ነው፤ 'ነው ወይ?' ለማለት ደግማችሁ ጻፉት።"

ድሃ ነው። ደንቆሮ ነው። የጀልባ ልጅ ነው።
ስንቱን "ነው" ሰምቼ አደግሁ፤ "ይሁን" ያለኝ ማነው?
ብዬ ላዝን ስል ደሴ እጁን አወጣ፦
"ይሄ ነገር፣ መምህር፣ ፈተና ላይ ቢመጣ?"

የመጀመሪያ ሥራዬ አሥራ አንድ መስመር ነበረ፤
ማሽኑ ሃያ ሦስት ስሕተት ቆጠረ።
ከጻፍኩት የተሳሳትኩት በለጠ!
ጥሩወርቅ አንዲት ቦታ ነካች፤ ቀይ የነበረው ሁሉ ቀለጠ።
አራተኛው መስመር ላይ ሴሚኮለን ጎድሎ፣
ከሥሩ ያለው ሁሉ ተሳክሮ፣ ተንጠልጥሎ።
አራት ነጥብ ስዘነጋ የአማርኛ አስተማሪዬ ያልፉኝ ነበር፣ ገብቷቸው፤
ይህ ግን አያልፍም፤ አያኮርፍም፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው።

ከዚያ መብራት ሄደ።
"ሴቭ አድርገሃል?" "የለም።" ደሴ ባትሪውን ይዞ ወደ ፈረቃው ወረደ።
በመስኮቱ ጣና የለም፤ የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ።
"ጀልባህ ስንት ትጭናለች?" አለችኝ ከጨለማው።
"አሥራ ሁለት።" "እስኪሞላ?"
"እጠራለሁ፣ አንድ ባንድ፣ ሌላ፣ ሌላ።"
"ሲሞላስ?" "ገመድ እፈታለሁ።" ሳቀች። "ሉፕ ማለት እሱ ነው፤
ብቻ ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው።"

በማግሥቱ ወደቡ ላይ፣ አዲስ ዕውቀት እንደ አዲስ ጫማ እየነከሰኝ፣
ቆጠርኩ። "ዜሮ"፦ ባለ ጃንጥላዋ፣ ፈገግ ብላ ያየችኝ።
"አንድ"፦ ቄሱ። "ሁለት"፦ ሎሚ በማዳበሪያ የጫነው።
እንዲህ እንዲህ እያልኩ "አሥራ አንድ"፦ የሐኪም ቤት ካርድ የያዘው።
"ስንት ሆኑ?" አለ ካፒቴን ባንቴ፣ ሞተሩን እያስነሳ።
"አሥራ አንድ!" "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ያ ልጅ ከነብስክሌቱ ይነሳ!"

መሐል ሐይቁ ላይ ነፋስ ገባ። ጀልባዋ ተኛች።
ማዕበሉ ጠርዟን ላሰ፤ ባለ ጃንጥላዋ በቆርቆሮ ጣሳ ውኃ ቀዳች።
እንደገና ቆጠርኩ፣ ትከሻ እየነካሁ፣ ከአንድ።
አሥራ ሦስት።
ባንቴ አልጮኸም። ሞተሩን ቀነሰ፤ "ቀስ እያልን እንሂድ።"
ዘጌ ስንደርስ ብቻ፣ ገመዱን ሲያቀብለኝ፣
"ማታ ማታ የምትማረው ሰው መቁጠር አይደለም?" አለኝ።

ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።
ዝም አለች። የወንበሩን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች።
"የመጨረሻው ቁጥርና ብዛቱ አንድ አይደሉም" አለች በኋላ፤
"ዜሮም ሰው ነች። ትከብዳለች።"

ዛሬ መብራት አለ። ደሴ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ።
ጠቋሚዋ ባዶው ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች።
ጥሩወርቅ ኪቦርዱን ወደኔ ገፋች።