ጠብቆ ሲነበብ

እሑድ ነው። ኮምቦልቻ። ከጓሯችን ቆሟል፣
አይሱዙው በክሪክ አንድ ጎኑን አንስቷል፤
ባሌስትራው አዲስ ነው፣ ስታፋውም አዲስ፣
የቀረን ዳዶውን ከልኩ ማድረስ።

ጋራዥማ ሄደናል፤ የጠሩት ዋጋ ግን
የቶይባን ደብተር፣ የጤፉንም ኩንታል በአንዴ የሚያስረሳን።

እብሬ ወረቀት አወጣ ከኪሱ፣
ግራሶ ነክቶታል ከግርጌ እስከ ራሱ፤
«አራት መቶ» ይላል፤ «ኒውተን ሜትር» ይላል፤
ይህን የሚለካ ቁልፍ ማን ቤት ይገኛል?
ከቦርከና ማዶ አንድ ሰው ነበረ፣ ቁልፉ የነበረው፣
ለሎግያ ሾፌር ካዋሰው ዓመት ሆነው።

እኔ አማርኛ ነው የማስተምር፣ አራተኛ ክፍል፤
ቢሆንም ማባዛት ማን ነው የማይችል?
በከሰል ጻፍኩለት ከግድግዳው ላይ፦
ክንድ ከስንዝር በሚርቅ ቱቦ ጫፍ ላይ ቢቆም
ስልሳ ኪሎ ሰው፣
አራት መቶው ይሞላል፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም።

እብሬ ሰማንያ ሁለት ነው፤ ይበጥሰዋል።
ቶይባ ሃያ ስድስት፤ ዳዶው ይስቅባታል።
ዞሮ ዞሮ እኔ ነኝ። ወፍጮ ቤት ሄድን፣
የሙሄ ሚዛን ላይ፣ የሰው ማሽላ አውርደን።
ከረመዳን ወዲህ ሃምሳ ሰባት ሆንኩኝ፤
ሙሄ «ልፍጫት እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ።
ሦስት ኪሎ ጎደለ። ሦስት ሊትር ውሃ
በቢጫ ጀሪካን፤ ይሞላል የድሃ።

«ጎማው መሬት ይንካ» አለኝ፣ «ክሪኩን እናውርደው፤
ሸክም ሳይቀምስ የጠበቀ ብረት፣ ነገ ነው የሚከዳው።»

ቱቦው ላይ ወጣሁኝ። አንድ እጄ ከትከሻው፣ አንድ እጄ ከውሃው።
ዳዶው ሲጥ አለና ዞረ፤ ተሰማኝ እግሬ ሥር፣ ክሩ ሲውጠው።
ሩብ ዙር። ደግሞ ሩብ። ከዚያ ቀጥ አለ፤
ክብደቴ በሙሉ ብረት ላይ ዋለ።
ከፊት ቀኝ፣ ከኋላ ግራ፣ በመስቀል እየዞርን፣
ስምንት ነው ያለብን።

አምና ሐረጎ ላይ፣ ገብስ ጭኖ ሲወርድ፣
አንዷ ላልታ ኖሮ፣ አክስሉ ጥሎት ወደ ጎን ሲሄድ፣
ድንጋይ ነው ያስቆመው። ጎህ ሲቀድ ገባ።
ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ፤ ተኝታለች ቶይባ።
ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩም።
ከሐረጎ የሚወርድ ሞተር፣ ከዚያ ወዲህ፣ ሳልቆጥር አላልፍም።

ለልጆቼ ሰኞ ሰኞ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፦
ይጠብቃል።
«በሁለት አንብቡት» እላለሁ።
አንዱ ብሎን ይሆናል፣ አንዱ ሰው በር ላይ፤
ፊደሉ ያው ፊደል፣ በዓይን የማይለይ።
ከሥሩም አለን እጽፋለሁ። ሲላላ፣ ተናገረ።
ሲጠብቅ፣ እዚህ ነው፤ በሕይወት ነው፤ አልቀረ።
እትዬ ደብሪቱ፣ ጎረቤቴ፣ የሟቹ ሾፌር ሚስት፣
«እንዲህ አለ» ትላለች፣ «እንዲያም አለ»፣ ዘጠኝ ዓመት፤
ሁሉም ላልቶ ነው የሚነበብላት።

ስምንተኛው ዳዶ እምቢ አለ። ጀሪካኑን ደረቴ ላይ አቀፍኩት፣
ዓይኔን ጨፈንኩና ትንፋሼን ዋጥኩት።
«በቃ፣ ውረጂ» አለኝ ከሥር፤ ጢሙ ግራሶ ነክቶታል።
አልወረድኩም ቶሎ። ትንሽ ቆየሁ፤ ማን ይከለክለኛል?

ማታ ወረቀቱን አጥፌ ሳስቀምጥ ከግርጌው አየሁ፣
በትንንሽ ፊደል፤ መብራት አስጠግቼ ለብቻዬ አነበብኩ፦
መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ይጠብቃል።
እንዲህ ብቻ ይላል።
እንዴት እንደሚነበብ አይናገርም።

ነገ ባቲ ነው፣ ከዚያም ሚሌ።
ጀሪካኑን አልደፋሁትም።