ጭጋግ ሲወርድ ያስላታል

በቬርቼሊ ሜዳ፣ ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ፣
ጭጋግ ከቦይ ወጥቶ መንገዱን ሲደብቅ፣
ሲኞራ ኤርሚኒያ ከጋራዡ ደረሰች፤
ነዳች አይባልም፣ መኪናዋ እያነከሰች።

ሰማንያ ስምንት ሞዴል ፓንዳ፣ ቀለሟ የነጣ፣
በየመብራቱ ስትቆም ነፍሷ ልትወጣ።
"ጭጋግ ሲወርድ ብቻ ያስላታል" አለችኝ፣
"ፀሐይ ያየች ለታ ደህና ናት" አለችኝ፣
የራሷን ደረት በመዳፏ ነክታ አሳየችኝ።

ሉካ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ፣
ዙሪያዋን ፈለገ፣ መሰኪያ ግን አጣ።
"ይቺ እኮ አትናገርም" ብሎ ሳቀብኝ።
ትናገራለች እንጂ። ዝም በልና ስማልኝ።

ኮፈኑን ከፈትኩት።
የሩዝ ገለባ፣ የደረቀ ተርብ፣ የዘይት ጥቀርሻ፣
የባለቤቷ የእጅ ጽሑፍ በባትሪው መዳረሻ፦
"ውሃ ጨምሪ"። ሰውየው ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣
ቀለሙ አልለቀቀም፣ ይነበባል ትእዛዙ።

ዱክ … ዱክ ዱክ፣ ዱክ … ዱክ ዱክ፣
አራት እግር እያላት በሦስቱ የምትረግጥ፣
ስትቆም የምትርድ፣ ስትሄድ የምትናጥ።

ኮምቦልቻ ያስተማረኝ እንድሪስ ይል ነበር፦
"በጆሮህ ጀምርና በጣትህ መርምር፣
ዕቃ መለወጡ ለሰነፍ ይቅር።"
(እዚህ በመጣሁ ሰሞን "ካቻቢቴ አቀብለኝ" ብለው
አለቃዬ ኦስቫልዶ፣ "ጣልያንኛ ከየት ነው?"
"ጣልያንኛ አይደለም" አልኩት፣ "የኮምቦልቻ ቃል ነው።")

በላስቲክ ጓንት ይዤ አንደኛውን ገመድ ነቀልኩ፣
ሞተሩ ሰመጠ፤ ቶሎ መልሼ ተከልኩ።
ሁለተኛውን ነቀልኩ፤ አቃሰተ፣ ሊጠፋ፣
አራተኛውንም፤ ያው፣ ትንፋሹ ከፋ።
ሦስተኛውን ሳወጣ —
ምንም።
ያው ዱክ፣ ያው ዝምታ፣ ድምፁ አልተለወጠ፣
ቤቱ አንድ ሰው ጎድሎት ማንም አልደነገጠ።

በሽተኛው ይሄ ነው፤ ወጥቶ የማይጎድለው።

ባለፈው ጥር ታምሜ ሦስት ሳምንት ስቀር
ጋራዡስ ድምፁን ለውጦ ነበር?
ኦስቫልዶን ልጠይቀው ደጋግሜ አስቤ
ተውኩት። ካንዴላዋን ፈታሁ፣ ወደ መብራቱ ቀርቤ።

ጫፏ እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣
ያልነደደ ነገር እንዲህ ያለቅሳል።
ከጎረቤቷ ጋር ቦታ አቀያየርኳት፣
ሕመሙ አልተከተላትም፤ ካንዴላዋ ነፃ ናት።
ስሟን ስላጠፋሁ ይቅርታ አልኳት።

አመሸ። ኦስቫልዶ መዝጊያውን አወረደ፣
ጭጋጉ በሥሩ ሾልኮ ወለሉ ላይ ሄደ።
ሉካ ግራ ገብቶት መብራቱን አጠፋ፣
እኔም በአበባ መርጫ ጤዛውን ሳካፋ፣

ታየ።
ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ እንደ ሐር ክር ጫፍ፣
ከገመዱ ጎን ሾልኮ ወደ ብረቱ ሲያልፍ፣
ቲክ። ቲክ። ቲክ።
እሳቱማ ነበር፣ ቤቱ ግን አይደርስም፣
መንገድ ላይ ይበተናል፣ ሲሊንደሩ አይጎርስም።
ለካስ ሦስተኛው ሰንፎ አልነበረም፤
ያልደረሰው እሳት አይነድም።

ሉካ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸው ቃጣና ተወው፣
ጨለማው ውስጥ ቆሞ በዓይኑ ብቻ አየው።

ጠዋት ጭጋጉ ያው ነው፣ ከትናንት የባሰ።
ኦስቫልዶ ሒሳቡን ጻፈ፣ ለገመድ አሥራ አራት ዩሮ፣
"የጨለማውስ?" አለው ሉካ። "ጨለማው በነፃ ነው ዘንድሮ።"

"ምን ነበር?" አለች ሲኞራ።
"ገመዷ ተሰንጥቆ ነው፣ ርጥበት ሲነካው ያፈሳል።"
"የእኔስ?" አለች፣ ሳል እያቋረጣት።
እሷን የምሰማበት ጨለማ የለኝም፣ በሩን ከፈትኩላት።

ጭጋጉ ዋጣት። መጀመሪያ ጎማው፣ ቀጥሎ ቀይ መብራቱ፤
እኔ ግን እጄን እየጠረግሁ ቆሜ ከደጃፉ፣
ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ፣
እስከ ሩዝ ወፍጮው መታጠፊያ ድረስ
አራቱንም ቆጠርኩ።