እጄን ብቻ አንሺ

ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል፣ ደረጃው ሥር፣
እናቴ ተሰቅላ ነበር።
በመስተዋት ውስጥ፣ በትልቁ፣
አቧራ እንኳ እንዳይነካት ተጠንቅቀው።
ከሥሯ «የወሎ ቆንጆ» ይላል፣
ሾንኬ አይል፣ አርጎባ አይል፣
ማን ወለዳት አይል።

እኔ አንሶላ ላጥብ ገብቼ ነው ያየኋት፤
ባልዲዬን አስቀምጬ
«እማ» አልኳት።
ዘበኛው ሳቀብኝ።
«ፈረንጅ ነው ያነሳት፣ ብዙ ብር አወጣች» አለኝ።
ለማን እንዳወጣች ግን አልነገረኝ።
እናቴ ከዚያች ፎቶ ያገኘችው
አንድ ፍሬ ከረሜላ ነው፤
እሱንም ለእኔ ሰጠችኝ፣
እኔም በጥርሴ ከፍዬ ለወንድሜ አካፈልኩት።

ካሜራዬን የገዛሁት ከሟች ቤት ነው፣
ደሴ፣ ከአንድ ፎቶ አንሺ ልጆች።
ማንገቻው ተበጥሶ በነጠላ ጥለት ቀጠልኩት።
አንድ ጎኑ ተልጧል፣ ዐይኑ ግን ደህና ነው፤
እንደ አክስቴ እንደ ዘምዘም፣
ጎኗን ይወጋታል፣
ዐይኗ ግን ዛሬም ክር በመርፌ ያስገባል።

ይዤው ሾንኬ ወጣሁ።
ከከሚሴ ወዲያ መኪናው ይደክማል፣
የቀረው የጉልበት ነው።
ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ቤት በቤት ትከሻ፣
የታችኛው ጣሪያ ለላይኛው ደጃፍ፣
ጎረቤት ሲያስነጥስ
ከአልጋሽ ሳትነሺ «የርሐሙከላህ» የምትይበት አፋፍ።

ሴቶቹ ተቀምጠዋል።
አክርማው ርሷል፣ ስንደዶው ተሰንጥቋል፣
ወስፌው ይገባል ይወጣል፣
ቀዩ ከጥቁሩ ይጣላል ይታረቃል።
ሞሰብ ሲጀምሯት ቁልፍ ብታክል ነው፣
እንደ ሐሜት፣
እየዞረች እየዞረች ሰፈሩን ታካልላለች።

«ላንሳችሁ» አልኩ።
ዝም።
ሰዓዳ ሻሿን አስተካከለች፣
ሙንተሃ ሣቋን በእጇ ከደነች፣
አክስቴ ዘምዘም ወስፌዋን ሰካችና
«ፊቴን ምን ልታደርጊው?» አለች።
«ፊቴን እኔ አልሠራሁት፣ የሠራው አላህ ነው።
እኔ የሠራሁት ይኸውልሽ፣ ጭኔ ላይ ነው።
እጄን ብቻ አንሺ።»

አነሳሁት።
አውራ ጣቷ ላይ ወስፌ የቆፈረው ጠባሳ፣
ጥፍሯ ላይ ሂናው አድጎ አድጎ
የቀረች ቀይ ጨረቃ።

ከዚያ ወዲህ በየሞሰቡ ክዳን ውስጥ
አንዲት ትንሽ ፎቶ አለች፣ የሠራችው እጅ።
ከሥሯም፦
«ዘምዘም ይመር። ሾንኬ። አርባ ሦስት ቀን።
መሐል ላይ ታምሜ ቀለሙ ትንሽ ዞሯል።»
ይቺን የመጨረሻዋን ጨምሪ ያለችኝ ራሷ ናት፤
«ይወቀው ገዢው፣
ቀለም ሲዞር ሰው ነው የዞረው።»

ባቲ፣ ሰኞ፣ ከግመል ተራ ወዲህ ዘረጋን።
አንድ ነጋዴ መጣ፣ ሞሰቧን ገለበጣት፣
በጣቱ መታ መታ አደረጋት፣
«ሣር ነው» አለ።
ሙንተሃ ፎቶዋን አወጣች፣
ከጎኑ የራሷን እጅ ዘረጋች፣
«አመሳክር!»
ሰውየው እጇን አየ፣ ፎቶውን አየ፣
እጇን አየ፤
ከዚያ በኋላ ስለ ሣር አላወራም።
ከፈለ ግን አልልም፤
ግማሹን ሰጥቶ፣ ግማሹን ለሚመጣው ሰኞ አለ።
በሦስተኛው ሰኞ መጣ።

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ወረድኩ።
ሆቴሉ ስሙን ለውጧል፣ ደረጃው ያው ነው።
እናቴም ያቺው ናት፣ አላረጀች፣
አፈር ከለበሰች ዘጠኝ ዓመቷ፣
እዚህ ግን ገና ኮረዳ ናት፤
አሁን እኔ ነኝ ታላቋ።

ሰው ሳያየኝ፣ መስተዋቱ ላይ፣
«የወሎ ቆንጆ» የሚለውን ሸፍኜ
በእስክርቢቶ የጻፍኳትን ወረቀት ለጠፍኩ፦

«ጦይባ ይመር። ሾንኬ። ጥጥ ፈታይ።
ለዚህ ፎቶ አንድ ከረሜላ ተከፍሏታል።
ቀሪ ሂሳብ አለ።»