ጠብ

ማታ ሁለት ሰዓት፣ ከሾርባዬ መሀል
ጠብ አለች አንዲት ውሃ። ደንግጬ ቀና ስል
ኮርኒሴ ላይ ካርታ፣ ስሙ ያልታወቀ አገር፣
ቡናማ፣ እርጥብ፣ ድንበር ሲገፋ የሚያድር።

ወጣሁ ደረጃውን፤ መታሁት በሩን።
ሽማግሌው ፎንስ፣ ብቅ አርጎ አፍንጫውን፣
«ከኔ አይደለም» አለኝ፣ «ክሰሰው ሰማዩን፤
ጌንት ነው ይሄ አገር፤ አታውቅም ዝናቡን?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ
እሱ ሲታጠብ ጠብ፣
ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ጠብ፤
የቱ ከየት እንደሚወርድ ግራ ገባኝ።

ቅዳሜ የኬክ ቀይ ቀለም፣ ባትሪና ሶፍት ይዤ ስመጣ
ደክሞት ነው መሰለኝ፣ ከፈተልኝ ያለ ቁጣ።
ቧንቧው ደህና ሆነ። የፍሳሹን አፍ ወትፈን፣
የሻወሩን ሳህን በቀይ ውሃ ሞልተን፣
እኔ ታች ወርጄ አንድ ሰዓት አንጋጠጥኩ።
ምንም።
«አላልኩህም?» አለ ከላይ። ሱሪውን ሰብስቦ
ውሃው ውስጥ ገብቶ ቆመ —
ቀይ ጠብታ፣ ግንባሬ ላይ።

ለካ ባዶውን ሲጠይቁት ንጹሕ ነው፤
ሰው ሲቆምበት ነው ወገቡ የሚጎብጠው፣
ከግድግዳው ጋር ያለው ስፌት የሚተረተረው።

አሮጌውን ሲሊኮን ላጥኩት በቢላዋ።
«የሪታ እጅ ነው» አለ፤ «እሷ ነበረች ባለሙያዋ።»
ሻጋታውን ቶሎ አልጣልኩትም።

አዲሱ የሚለጠፍ ሸክም ሲኖር ነውና፣
«ክብደት ሁንልኝ» አልኩት። ካፖርቱን ደርቦ፣ በካልሲ ገባና
ቆመ። እኔ በጉልበቴ፣
እግሩን እየዞረ ይሄዳል ጣቴ።

«እስከ መቼ?» አለኝ። «እስኪይዝ ድረስ ነው።»
ወርጄ ሾርባ አሙቄ አመጣሁለት።
እዚያው እንደቆመ ጠጣው፣
አንዲትም ጠብ ሳትል።